«አርጅቷል» ማለት ምርመራ አይደለም፦ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሊኑክስ እና የሚቆራረጥ ቪዲዮ

ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ የሚኖር አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አስቡ። ከዘመድ የተላለፈለት፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ላፕቶፕ አለው። ዊንዶውስ ሲከብደው ጓደኛው ሊኑክስ ጭኖለታል። ማሽኑ ይነሳል፣ ጽሑፍ ይጻፍበታል፣ ኢንተርኔትም ይከፍታል። የፊዚክስ ትምህርት ቪዲዮ ሲከፍት ግን ምስሉ ሁለት ሰከንድ ሄዶ ቀጥ ይላል። ድምፁ ይንተፋተፋል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይሰማም።

ይህ ተማሪ ምክር ቢጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት መልሶች አንዱን ያገኛል። «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ ተወው።» «ኔትወርኩ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ።» «ሊኑክስ ለቪዲዮ አይሆንም፣ ወደ ዊንዶውስ ተመለስ።»

ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ሦስት መልሶች ላይ የቀረበ ሂስ ነው። ሦስቱም ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ስህተታቸው ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ መሆናቸው ነው። ሳል የያዘውን ሰው ሁሉ «ሳንባህ ተበላሽቷል» የሚል ሐኪም ቢኖር ማንም ዳግመኛ አይሄድበትም። ኮምፒውተር ላይ ግን እንዲህ ያለውን ሐኪም እሺ ብለን እንቀበላለን። ምትክ የሌለው ላፕቶፕ በስህተት «ሞቷል» ሲባል ደግሞ የሚጣለው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ሊያየው የነበረው ትምህርትም አብሮ ይጣላል።

ስለዚህ እስቲ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

ቪዲዮ ከየት ወዴት ይሄዳል?

720ፒ የሚባለው ጥራት ያለው ቪዲዮ በአንዱ ምስል ውስጥ 1280 በ720፣ ማለትም 921,600 ነጥቦች አሉት። በሰከንድ 30 ምስል ሲታይ 27.6 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ በ24 ቢት ቢጻፍ በየሰከንዱ 660 ሜጋቢት ገደማ መላክ ሊኖርብን ነው። ይህንን የሚሸከም የሞባይል መስመር የለንም። ስለዚህ ቪዲዮው ታጭቆ፣ በሰከንድ ወደ 2 ሜጋቢት ገደማ ሆኖ ይላካል። ከ300 እጥፍ በላይ ቀነሰ ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው በብልሃት ነው። ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያስተምር መምህር ሲቀረጽ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ሰሌዳውም ግድግዳውም አይለወጡም፤ የሚንቀሳቀሰው እጁና ከንፈሩ ነው። ታዲያ ያልተለወጠውን ደጋግሞ ከመላክ «ያው እንደ ቅድሙ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይህን የማጨቅና የመፍታት ስምምነት ኮዴክ እንለዋለን። ልብ በሉ፦ ብዙ የታጨቀ ነገር ለመላክ ይቀላል፣ ለመፍታት ግን ብዙ ስሌት ይጠይቃል። ይህች አንዲት ሐሳብ የዛሬው ጉዳያችን ግማሽ ናት።

ነገሩን በወፍጮ ቤት አስቡት። አህያው ገብሱን ያመጣል፤ ይህ ኔትወርኩ ነው። ደጃፉ ላይ ተራ የሚጠብቁት ጆንያዎች ቀድሞ የወረደው የቪዲዮ ክፍል ናቸው፤ ቋንቋው በፈር ይለዋል። ወፍጮው ሲፈጭ ፕሮሰሰሩ የታጨቀውን እየፈታ ነው። የሚወጣው ዱቄት ምስሉና ድምፁ ነው። ዱቄቱ ቆመ እንበል። አህያው ዘግይቶ ነው? ጆንያው አልተፈታም? ወፍጮው ደክሞ ነው? ወይስ ዱቄቱ የሚወርድበት ተደፍኖ? ደጃፉ ላይ ጆንያ ተከምሮ እያየ አህያውን የሚራገም ሰው ያስቃል። «ኔትወርኩ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

አንደኛው ፍርድ፦ «ኔትወርኩ ነው»

ይህንን ለማረጋገጥ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቪዲዮ ሲጫወት ከሥሩ ያለውን መስመር ተመልከቱ። ከተጫወተው ቀድሞ የሚሄደው ደብዘዝ ያለ መስመር በፈሩ ነው። መስመሩ ሩቅ ደርሶ ሳለ ምስሉ ከተቆራረጠ እህሉ ደጃፍ ደርሷል፤ ኔትወርኩ ነፃ ነው። መስመሩ ከምስሉ ጋር እኩል እየተጎተተ የሚሄድና አብሮ የሚቆም ከሆነ ግን ጥፋቱ በእርግጥ የኔትወርኩ ነው።

ከዚህ የበለጠ ቁርጥ ያለ ፈተናም አለ። አንድ የቪዲዮ ፋይል በፍላሽ አምጡና ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጣችሁ በቪኤልሲ ወይም በኤምፒቪ ክፈቱት። ኢንተርኔት ጭራሽ በሌለበት ያው ፋይል ከተቆራረጠ ስለ ኔትወርክ ማውራት በቃ አበቃ። ጥርት ብሎ ከተጫወተ ደግሞ ወፍጮው ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው በመስመሩ ወይም በብራውዘሩ ላይ ነው። በአንድ ፈተና የጥርጣሬውን ሜዳ ለሁለት ከፈልነው ማለት ነው። የሳይንስ ምርመራ ዋናው ሙያ ይኸው ነው፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ማየት።

ዩቲዩብ ላይ ከሆናችሁ ቪዲዮው ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ስትጫኑ ከሚመጣው ዝርዝር የመጨረሻውን፣ ስታትስ ፎር ነርድስ የሚለውን ምረጡ። በሚከፈተው ሰሌዳ ላይ የመስመሩ ፍጥነት፣ በፈሩ ውስጥ የቀረው ሰከንድ፣ ኮዴኩና የተጣሉ ምስሎች ብዛት በቁጥር ተጽፈው ይታያሉ። የተጣሉ ምስሎች ቁጥር እየጨመረ በፈሩ ግን ሙሉ ከሆነ ጥፋተኛው ፈቺው እንጂ አምጪው አይደለም።

ኔትወርኩ በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ፣ በተለይ በእኛ አካባቢ። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የተራራና የገደል አገር ናቸው። የሞባይል ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጋራ ሲጋርደው ይዳከማል። ስለዚህ ስልኩን ማማው ወዳለበት አቅጣጫ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ከማንኛውም የኮምፒውተር ማስተካከያ ሊበልጥ ይችላል። ኢንተርኔቱን ከስልክ የምትወስዱ ከሆነም በዋይፋይ ሆትስፖት ፈንታ በዩኤስቢ ገመድ ሞክሩት። ከስልኩ እስከ ላፕቶፑ ያለው የአየር መንገድ ይቀርና አንድ ተጠርጣሪ ይቀነሳል፤ ሊኑክስ ደግሞ ይህን ግንኙነት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይቀበላል።

የዋጋውንም ሒሳብ እንሥራ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። ያው ትምህርት በድምፅ ብቻ፣ በሰከንድ 100 ኪሎቢት ቢመጣ 45 ሜጋባይት ነው። አሥር እጥፍ ልዩነት! የታሪክ ወይም የቋንቋ ትምህርት ከሆነ የመምህሩን ፊት ለማየት አሥር እጥፍ መክፈል ያስፈልጋል እንዴ?

ሁለተኛው ፍርድ፦ «አርጅቷል»

አሁን ወደ ወፍጮው እንግባ። «አርጅቷል» ስንል ብዙ ጊዜ ብረቱ የደከመ፣ ዱሮ ይሠራ የነበረውን ዛሬ መሥራት ያቃተው ይመስለናል። ፕሮሰሰር ግን እንደ ጉልበት አይዝልም። በ2004 ዓ.ም. በሰከንድ የሚሠራውን ስሌት፣ ንጹሕና ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ፣ ዛሬም ይሠራዋል። የተለወጠው የሚጫንበት እህል ነው።

ዓመታቱን እንይ፤ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኤች.264 የተባለው ኮዴክ የወጣው በ2003 ነው። ቪፒ9 በ2013፣ ኤቪ1 በ2018 ተከተሉ። እያንዳንዱ ከቀዳሚው የበለጠ ያጭቃል፣ ለመፍታትም የበለጠ ስሌት ይጠይቃል። ኮምፒውተር አምራቾችም ይህን ሥራ ዋናው ፕሮሰሰር እንዳይሸከመው ለቪዲዮ ብቻ የተለየ የመፍቻ ክፍል ቺፑ ውስጥ ይጨምራሉ። ያ ክፍል ግን የሚያውቀው በተሠራበት ጊዜ የነበረውን ኮዴክ ነው። በ2011 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ የኢንቴል ኮር ኤች.264ን በዚህ ክፍል ይፈታል። ቪፒ9ን ሙሉ በሙሉ ለመፍታት እስከ ሰባተኛው ትውልድ፣ ኤቪ1ን ለመፍታት ደግሞ በ2020 እስከወጣው አሥራ አንደኛው ትውልድ መጠበቅ ነበረበት።

ስለዚህ በ2012 የተሠራ ላፕቶፕ ላይ ያው ትምህርት፣ ያው መምህር፣ ያው ጥራት በኤች.264 ሲመጣ ማሽኑ ሳያላብ ያሳየዋል። በኤቪ1 ሲመጣ ግን ዋናው ፕሮሰሰር 100 በመቶ ሊያዝ፣ ማራገቢያው ሊጮኽ፣ ምስሉም ሊንቀራፈፍ ይችላል። ኮምፒውተሩ በሁለቱ ቪዲዮዎች መካከል አላረጀም።

ታዲያ ኮዴኩን ማን መረጠው? ብራውዘሩና ድረ ገጹ ተነጋግረው ነው። ድረ ገጹ «ምን ምን መፍታት ትችላለህ?» ይላል። ብራውዘሩ ኤቪ1ን በሶፍትዌር መፍታት ስለሚችል «እችላለሁ» ብሎ ይመልሳል። «እችላለሁ፣ ግን በዚህ ማሽን ላይ ጭንቅ ነው» የሚለው ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። ድረ ገጹም ለእሱ የሚቀለውን፣ ማለትም ያነሰ ዳታ የሚልከውን ይመርጣል። ወጪው ከኩባንያው መስመር ወደ ተማሪው ፕሮሰሰር ተሸጋገረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ እንሁን። አዲሶቹ ኮዴኮች የእኛንም ዳታ ይቆጥባሉ። በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ ስልክ ላለው ተማሪ ኤቪ1 በእርግጥ በረከት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላለው ግን ዳታ ቆጥቦ ቪዲዮውን ማየት ካልቻለ ምኑን ቆጠበ? ሂሱ ኮዴኩ ላይ አይደለም፤ ምርጫው ተማሪው ሳይጠየቅ መደረጉ ላይ ነው።

ምርጫውን መልሳችሁ በእጃችሁ ማስገባት ግን ትችላላችሁ። ኤክስቴንሽን ከሚባሉት የብራውዘር ማከያዎች መካከል ድረ ገጹ ኤች.264 ብቻ እንዲልክ የሚያስገድዱ አሉ። በፋየርፎክስ ውስጥ ደግሞ ኤቪ1ን ከላቁ ቅንብሮች ማጥፋት ይቻላል። ቀጥሎ ጥራቱን ዝቅ አድርጉ። 360ፒ በሰከንድ 6.9 ሚሊዮን ነጥብ ሲሆን 1080ፒ 62.2 ሚሊዮን ነው፤ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ልዩነት አለው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቀመር በ360ፒ ካልተነበበ 480ፒ ሞክሩ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው የትምህርት ቪዲዮ ጥቂት ነው።

«ንጹሕና ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ» ያልኩትንም አትርሱ። ቪዲዮው ለአሥር ደቂቃ ጥሩ ሄዶ ከዚያ በኋላ መቆራረጥ ከጀመረ ሙቀትን ጠርጥሩ። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ማራገቢያው ላይ የተጋገረ አቧራ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። የደጋው ብርድ ይህን ያካክስ ይሆናል፤ ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ የአየር መውጫውን መድፈን ግን ሁሉንም ያበላሸዋል።

«አርጅቷል» እውነት የሚሆንበት ቦታም አለ፣ እሱን መካድ አያስፈልግም። ማሽኑ ባለ 32 ቢት ከሆነ በሩ እየተዘጋ ነው። ጉግል ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ መሥራት ያቆመው በ2016 ነው። ኡቡንቱ ከ2017 ጀምሮ የ32 ቢት መጫኛ ትቷል። ዲቢያንም በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ተከትሎታል። ራሙ 1 ጊጋባይት ብቻ ከሆነም የዘመኑ ብራውዘር ገና ሲከፈት ሊሞላው ይችላል። እንዲህ ያለ ማሽን ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ ለማየት አይመችም። በፍላሽ የመጣ የ360ፒ ፋይል ግን በኤምፒቪ ሊያሳይ ይችላል። «ለዚህኛው ሥራ አይሆንም» እና «ሞቷል» ለየቅል ናቸው።

ሦስተኛው ፍርድ፦ «ሊኑክስ ለቪዲዮ አይሆንም»

በዚህ ላይ የሊኑክስ ወዳጆችም ከሂሱ አያመልጡም። «ሊኑክስ ጫን፣ አሮጌው ኮምፒውተር አዲስ ይሆናል» የሚለው ስብከት የተጋነነ ነው። ሊኑክስ ራምና ዲስክ ሊቆጥብ ይችላል፤ ቺፑ ውስጥ የሌለ የመፍቻ ክፍል ግን አይፈጥርም። እንዲያውም ለረጅም ዓመታት በሊኑክስ ላይ ያሉ ብራውዘሮች ቺፑ ውስጥ ያለውን የመፍቻ ክፍል እንኳ ሳይጠቀሙበት ኖረዋል። ፋየርፎክስ ለኢንቴል ግራፊክስ ይህንን ራሱ እንዲያበራ የተደረገው በ2023 በወጣው 115ኛ እትም ነው። ስለዚህ «ዊንዶውስ ላይ ይሠራ ነበር፣ ሊኑክስ ላይ ተቆራረጠ» የሚል ተማሪ ውሸቱን አይደለም። መልሱ ግን ዊንዶውስ መመለስ ላይሆን ይችላል፤ ብራውዘሩን ማደስ፣ ወይም ቪዲዮውን የመፍቻ ክፍሉን በሚጠቀም ማጫወቻ መክፈት ሊበቃ ይችላል።

ሊኑክስና ደካማ ማሽን በኢትዮጵያ ትምህርት ውስጥ መገናኘታቸው አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ በተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገቡት ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በፌዶራ ሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ነበራቸው። የመጀመሪያው ሞዴል ፕሮሰሰር 433 ሜጋኸርትዝ፣ ራሙ 256 ሜጋባይት ነበር። ሶፍትዌሩ ለማሽኑ ልክ ተሰፍቶ ስለነበር ይሠራ ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፦ ማሽን «ደካማ» የሚባለው ከሚጫንበት ሥራ ጋር ተመዝኖ ነው።

ድምፅ ለብቻው መታየት አለበት፤ ብዙ የተሳሳተ ምክር የሚሰጠውም እዚህ ነው። በሊኑክስ ድምፅ በደረጃ ያልፋል። ታችኛው ደረጃ አልሳ ነው፤ የድምፅ ካርዱን በቀጥታ የሚያናግረው እሱ ነው። ከላዩ ፐልስኦዲዮ ወይም በአዲሶቹ ሊኑክሶች ፓይፕዋየር ይቀመጣል፤ ከብራውዘሩ፣ ከሙዚቃውና ከማሳወቂያው የሚመጣውን ድምፅ ቀላቅሎ የሚያደላድለው ይህ ነው።

ድምፅ ጭራሽ ከሌለ መጀመሪያ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ድምፁ ወዴት እየሄደ ነው? ላፕቶፑ የኤችዲኤምአይ መውጫ ካለው ሊኑክስ አንዳንዴ ቴሌቪዥን የተሰካ መስሎት ድምፁን ወደዚያ ይልካል። በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ መውጫውን ወደ ላፕቶፑ ስፒከር መልሱት። ሁለተኛ፣ ታችኛው ደረጃ ታፍኖ ይሆን? አልሳሚክሰር የተባለውን ፕሮግራም በተርሚናል ስትከፍቱ ከየዓምዱ ሥር ምልክት አለ። ሁለት የላቲን «ኤም» ፊደላት ከታዩ ያ መውጫ ታፍኗል፤ ያችኑ ፊደል ስትጫኑ ይከፈታል። የላይኛውን ድምፅ 100 በመቶ ማድረግ ታች የታፈነውን አይከፍተውም።

ድምፁ እያለ የሚንተፋተፍ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ድምፅ በሰከንድ 48,000 ናሙና ሆኖ ይላካል። ናሙናዎቹ በ1024 እየተከፈሉ ቢላኩ እያንዳንዱ ክፍል 21 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቆያል። ፕሮሰሰሩ ቪዲዮ በመፍታት ተጠምዶ ቀጣዩን ክፍል በ21 ሚሊሰከንድ ውስጥ ካላደረሰ ክፍተት ይፈጠራል፤ ጆሯችንም «ጭር» ሲል ይሰማዋል። ዓይን አንድ ምስል ቢጎድለው ብዙ ጊዜ አያስተውልም፤ ጆሮ ግን ይህችን ክፍተት ወዲያው ይይዛታል። ስለዚህ የሚንተፋተፍ ድምፅ ብዙ ጊዜ የድምፅ ካርድ ብልሽት አይደለም፤ የደከመ ወፍጮ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። መጀመሪያ የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ አድርጉና አዳምጡ። ድምፁ ከጠራ ድምፁን መነካካት አያስፈልግም።

አንዳንድ መካሪ ግን በቀጥታ «ፐልስኦዲዮን ነቅለህ ጣለው» ይላል። ይህ ምክር ፐልስኦዲዮ አዲስ በነበረበትና ብዙ ችግር በነበረው ከ2007 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ትርጉም ሊኖረው ይችል ነበር። ዛሬ ብዙ ፕሮግራሞች በእሱ ወይም በተተኪው ላይ የቆሙ ስለሆነ መንቀሉ ጭራሽ ድምፅ አልባ ሊያደርጋችሁ ይችላል። «ፍላሽ ፕሌየር ጫን» የሚል መመሪያም አሁን ድረስ ይገኛል፤ አዶቤ ግን ፍላሽን በ2020 መጨረሻ ቀብሮታል። እንግዲህ ምክርም ያረጃል። የማሽኑን ዕድሜ የምንጠይቅ ሰዎች የምክሩን ዕድሜ ለምን አንጠይቅም? የአስተዳዳሪ ፓስወርድ የሚጠይቅ ትዕዛዝ ገልብጣችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት መቼ እንደተጻፈና ምን እንደሚያደርግ እወቁ።

የፕላዝማው ትምህርት

እስካሁን ያየነው ሁሉ ቴክኒክ ይመስላል፤ ሥሩ ግን የአስተሳሰብ ነው። ኢትዮጵያ ቪዲዮን በመላ አገሪቱ ለትምህርት ስታውል የመጀመሪያዋ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን በሳተላይት ትምህርት ይተላለፍ ነበር። ትምህርቶቹ በእንግሊዝኛ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጁ ነበሩ። ትልቅ ሐሳብ ነበር፦ ከአዲስ አበባ የራቀ ተማሪም በቤተ ሙከራ የተሠራውን ሙከራ ያያል። ግን ሥርጭቱ የሚመጣው በራሱ ሰዓት ነበር። ተማሪው ባይገባው «ቆይ» ማለት፣ መምህሩም አቁሞ ማስረዳት አይችሉም ነበር። መብራት ከጠፋ ያ ክፍለ ጊዜ ሄደ ነው።

የኢንተርኔት ቪዲዮ ከፕላዝማ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ማቆምና መመለስ መቻሉ ነው። የማይገባ ቀመር ሦስት ጊዜ ይታያል። ነገር ግን ስትሪሚንግም ከፕላዝማው አንድ ጉድለት ወርሷል፦ ተቀባዩ ዘንድ መስመርም፣ መብራትም፣ ብርቱ ማሽንም ሁልጊዜ አለ ብሎ ያስባል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ይህ ግምት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ታይቷል። በእነዚያ ወራት ዋጋ የነበረው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ነው።

ሰዉ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። በየከተማችን ፊልምና ሙዚቃ በፍላሽ የሚጭኑ ቤቶች የኖሩት በከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ የወረደ ፋይል ለአርባ ተማሪ ይደርሳል፤ በስትሪሚንግ ግን ያው ትምህርት አርባ ጊዜ ይከፈልበታል። በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ትምህርቶችን አውርዶ ማከፋፈል ሕጋዊ ነው። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ዊኪፒዲያንና ሌሎች የትምህርት ስብስቦችን ያለ ኢንተርኔት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይከፍታል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የትምህርት ቪዲዮ ለምታዘጋጁ ዩኒቨርሲቲዎችና መምህራን የዚህ ሂስ ጥያቄ ቀላል ነው። አንዱን ትምህርት በሦስት መልክ ልቀቁት፦ በ360ፒ በኤች.264 የሚወርድ ፋይል፣ ድምፅ ብቻ፣ እና የሰሌዳው ጽሑፍ በገጽ። ኤች.264 ከ20 ዓመት በላይ የኖረ ስለሆነ አሮጌውም አዲሱም ማሽን ይከፍተዋል። ይህ ሥራ አንድ ጊዜ አዘጋጁ ዘንድ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ካልተደረገ ግን እያንዳንዱ ተማሪ በየቤቱ ሰዓታት ይከፍልበታል።

እናንተ ወጣት አንባቢዎች ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ልማድ ያዙ። «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» ስትባሉ «የቱ ክፍሉ? በየትኛው ሥራ? በምን ታወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፋይል ከዲስክ አጫውቱ። በፈሩን እዩ። ኮዴኩን አንብቡ። ጥራቱን ዝቅ አድርጉ። ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ያያችሁትንም ደብተር ላይ ጻፉ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ማሽኑ በእርግጥ አልቻለም ካላችሁ ቢያንስ ምኑ እንዳልቻለ ታውቃላችሁ፤ ቀጣዩን ስትገዙ ወይም በእርዳታ ስትቀበሉም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።